አራት እርምጃ ጀፎሮ

በገዛ ክሱ ላይ አስተርጓሚ ሆኖ የቆመ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ቆሜ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ አንዱም በዝቶብኛል። ዳኛው ፊት ለፊቴ፣ ሰባት ቱሪስቶች በቀኜ፣ ሃያ ምናምን ላሞች ከጀርባዬ ሆነው ጉዴን ሲያዩ አረፈዱ። ሌላው ሰው ጉዱን በአንድ ቋንቋ ሰምቶ ይገላገላል፤ እኔ በሁለት ቋንቋ ተናገርኩት።

ከሥሩ ልጀምርላችሁ። ሀብቴ እባላለሁ። አገሬ ቸሃ ነው፤ ከእምድብር ወጥታችሁ አንድ ሰዓት በእግር ብትሄዱ ሰፈራችንን ታገኛላችሁ። ያኔ በቱሪዝም ተመርቄ ሁለት ዓመት ሙሉ ወልቂጤ ላይ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ስጎበኝ ከርሜ ነበር። በአገሪቱ ከእኔ የበለጠ ሰሌዳ የጎበኘ ቱሪስት ያለ አይመስለኝም። ሲታክተኝ ወደ እናቴ ቤት ተመለስኩና የሰፈሩን የቱሪዝም ኮሚቴ አቋቋምኩ። ሊቀመንበሩ እኔ፣ ጸሐፊው እኔ፣ አባሉም እኔ ስለነበርኩ ስብሰባችን ሁልጊዜ በስምምነት ይጠናቀቅ ነበር።

የምናስጎበኘው ጀፎሮ ነው። ጀፎሮ በጉራጌ መንደር መካከል የሚያልፍ፣ ሣር የለበሰ ሰፊ ሜዳ ነው፤ መንገድም ነው፣ ደጅም ነው። ቤቶቹ በግራና በቀኝ ፊታቸውን ወደ እሱ አዙረው ይሠራሉ፣ እንሰቱ ከቤቱ ጀርባ ይተከላል። ከብት ይግጥበታል፣ ሙሽራ ይወጣበታል፣ ሸንጎ ይቀመጥበታል፣ ልቅሶ ይቆምበታል። የማንም የግል አይደለም። ከእሱ ቆርሶ አጥሩን ወደፊት የገፋ ሰው፣ ቂጫ በምንለው በአባቶቻችን ሕግ ከባድ ጥፋተኛ ነው፤ ብሶበት ከተገለለ ደግሞ እሳት የሚሰጠው ጎረቤት አያገኝም፣ እናቱ እንሰት ስትፍቅ የሚያግዛት ሴት አይመጣም። ብቻዋን እንሰት የፋቀች ሴት ካጋጠመቻችሁ ወገቧን ጠይቋት።

ይህን ሁሉ በልጅነቴ አውቀዋለሁ። ታዲያ ምን ነካህ ካላችሁኝ፣ ፎቶ ነው የነካኝ።

አዲስ አበባ የአስጎብኚ ድርጅት ያላት ሳምራዊት የምትባል ሴት አለች። አባቷ ጉራጌ ናቸው፤ የእሷ ጉራግኛ ግን ክትፎ ከማዘዝ አያልፍም። በቴሌግራም የላክሁላትን የጀፎሮ ፎቶ አይታ ደወለች።

«ሀቢ፣ ይሄ ነገር ጉድ ነው! ሰባት ሆላንዶች ይዤ ልመጣልህ ነው። ከወደዱት በየሁለት ሳምንቱ ነው፤ አስጎብኚውም አንተ ነህ። ግን ሁለት ነገር አስተካክልልኝ።»

«እሺ፣ ምን?»

«አንደኛ፣ እበቱ። በጫማቸው ይዘውት መኪናዬ ውስጥ ይገባሉ። ላሞቹን እስከዚያ ዞር አድርግልኝ። ሁለተኛ፣ በስተግራ በኩል አንዱ አጥር ወደ ውስጥ ገባ ብሏል። መስመሩን አበላሸው እኮ! ሆላንዶች ቀጥ ያለ ነገር ነው የሚወዱት።»

«እሱ የእናቴ ደጅ ነው» አልኳት።

«ታዲያ ከዚህ የበለጠ ምን ቀላል ነገር አለ!»

እውነቷን ነበር። የእኛ አጥር ከጎረቤቶቻችን አጥር አራት እርምጃ ያህል ወደ ቤቱ የሸሸ ነው። ሰላሳ ዓመት ሙሉ በዚያ ደጅ ስወጣ ስገባ ጠማማ መስሎ ታይቶኝ አያውቅም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ሌላ ነገር አልታይህ አለኝ። ጥርስ የጎደለው አፍ ይመስላል አልኩ፤ አፈርኩበት።

እናቴ በዚያን ሰሞን እህቴ ወልዳ አራስ ልትጠብቅ ወልቂጤ ወርዳ ነበር። ሦስት ሳምንት ትቆያለች። እኔም በሁለት ቀን አጥሩን ነቅዬ አራት እርምጃ ወደፊት አምጥቼ ተከልኩትና በክር ለካሁት፤ ቀጥ አለ። ከጀፎሮው ጫፍ እስከ ጫፍ ገመድ ወጠርኩ። «ሣሩን አይርገጡ» የሚል ሰሌዳም በሦስት ቋንቋ ጽፌ አቆምኩ፤ ከላሞቹ በስተቀር የሚረግጠው አልነበረም፣ እነሱ ደግሞ በሦስቱም ቋንቋ አያነቡም።

የሰፈሩ ሰው ለልጆቻችን ሥራ ይመጣል ብሎ ላሞቹን ከጓሮ አሰረ። አጥሩን በተመለከተ ግን ማንም አንድም ቃል አልተናገረኝም። ያልፋሉ፣ ሰላም ይሉኛል፣ አጥሩን ያያሉ፣ ይስላሉ። ያን ሰሞን ጉንፋን የገባ መስሎኝ ነበር።

እናቴ የተመለሰችው ሆላንዶቹ ሊመጡ ሦስት ቀን ሲቀራቸው ነው። ጓዟን ይዛ ከአጥሩ ፊት ቆመች።

«አጥሩ አርጅቶ ነበር?» አለችኝ።

«አዎ አዶት፣ አደስኩት።» እናታችንን የምንጠራት አዶት ብለን ነው።

«አደስከው» አለችና ገባች። ምን ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር መሰላችሁ? ብትጮህብኝ። እናቴ ካልጮኸች ነገር አለ። በማግስቱ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ዳኛ ዘርጋ ቤት ስትሄድ አየኋት። ዳኛ ዘርጋ የሰፈራችን የሽማግሌዎች ሰብሳቢ ናቸው። ልትጠይቃቸው ነው ብዬ አለፍኩት።

ቅዳሜ ከሰዓት መልክተኛ መጣ። «ነገ ጠዋት በሦስት ሰዓት ሸንጎው ይፈልግሃል። ጀፎሮ ቆርሰሃል ተብለህ ተከሰሃል» አለኝ።

ሆላንዶቹም የሚደርሱት በሦስት ሰዓት ነው! እየሮጥኩ ዳኛ ዘርጋ ዘንድ ሄድኩ።

«አባባ፣ ነገ እንግዳ አለብኝ። ለሰኞ ያድርጉልኝ።»

«እንግዳ ካለህ ይምጣ» አሉኝ። «ጀፎሮ ነው፤ ማን ይከለክለዋል?»

«ከሳሼ ማን ነው?»

«ነገ ይቆማል፣ ታየዋለህ።»

ጋሽ ሽፋ ነው አልኩ በሆዴ። ጋሽ ሽፋ ከፊት ለፊታችን የሚኖር ጎረቤታችን ነው፤ ወይፈኑን ካሳሰርኩበት ቀን ጀምሮ ዓይኑ ደም ለብሷል። ስለ ራሴ ያን ያህል አልፈራሁም። የፈራሁት ለእናቴ ነበር። ሸንጎው ከፈረደብኝና ሰው ካራቀን፣ በዚህ ዕድሜዋ ሴቶቹ እንሰት ሊያግዟት ባይመጡ፣ ብትታመም ጎረቤት ባያያት ምን ይውጣታል? ልጇ ቀጥ ያለ መስመር ፈልጎ እናቱን ሜዳ ላይ ጣላት ሊባል ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ ነው።

እሁድ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ጀፎሮው ላይ ካለው ትልቅ ዝግባ ሥር ተቀምጠዋል፣ ሰፈርተኛው ዙሪያውን ቆሟል። ልክ በሦስት ሰዓት ነጭ ሚኒባስ መጣችና ሳምራዊት ጥቁር መነጽሯን አድርጋ ወረደች። ስታያቸው በሁለት እጇ አፏን ያዘች።

«ሀቢ! ሽማግሌዎቹን ዛፍ ሥር አስቀምጠህ ጠበቅከን? ይሄን እኮ አልነገርከኝም!»

«እኔ አይደለሁም ያስቀመጥኳቸው።»

«ትሕትናህ ደስ ሲል!»

ሆላንዶቹ ሰባቱም ሣሩ ላይ ተቀመጡ። ዳኛ ዘርጋ መርቀው ሸንጎውን ከፈቱ። ነገሩ ሁሉ የተባለው በጉራግኛ ነው። ሆላንዶቹ የሚሰሙት እንግሊዝኛ ነው። የእነሱ አስተርጓሚ ደግሞ ተከሳሹ ነው።

ዳኛ ዘርጋ ረጅም ተናገሩ። ስለ ጀፎሮ፣ ስለ ቂጫ፣ አባቶች ስላኖሩት ወሰን፣ ወሰን ስለሚገፋ ሰው። በመጨረሻ «ዳር ሲነካ መሐል ዳር ይሆናል» ብለው ጨረሱ። እኔም ወደ ሆላንዶቹ ዞሬ፣ ሽማግሌው ስለ ሣር እንክብካቤ እየተናገሩ ነው አልኳቸው።

ዳኛ ዘርጋ እንግሊዝኛ አያውቁም፤ ልክ ግን ያውቃሉ። «እኔ ይሄን ሁሉ ተናገርኩ፣ አንተ ይህቺን ታክል ተናገርክ። የቀረው የት ሄደ?»

ከሰው መሐል እምድብር እንግሊዝኛ የሚያስተምር የሰፈራችን ልጅ እጁን አወጣ። «ዳኛ፣ አልተረጎመውም። ስለ ሣር እንክብካቤ ነው ያለው።»

ሳቁ ዝግባው ላይ ያሉትን ወፎች አስነሳ። ዳኛ ዘርጋ ግን አልሳቁም። «ቃል መቁረስም እንደ መሬት መቁረስ ነው። ሁሉንም ንገራቸው» አሉኝ።

ምን ምርጫ ነበረኝ? ነገርኳቸው። አንድ ሰው የሁሉንም መሬት ገፍቶ አጠረ፣ ዛሬ ሊፈረድበት ነው አልኳቸው። ፒተር የሚባለው፣ ቁመቱ የባህር ዛፍ የሚያህለው ሆላንዳዊ፣ አንገቱን እያስረዘመ ዙሪያውን አየ።

«ሰውዬው የታለ?» አለኝ።

«እኔ ነኝ።»

አጨበጨቡልኝ። በዕድሜዬ ተጨብጭቦልኝ አያውቅም፤ በሌብነቴ ግን ቆመው አጨበጨቡልኝ።

«ከሳሽ ይቁም!» አሉ ዳኛ ዘርጋ።

ጋሽ ሽፋን ገላምጬ አየሁት። አልተንቀሳቀሰም። ከሴቶቹ መሐል ነጠላዋን እያስተካከለች የቆመችው እናቴ ናት። ሆላንዶቹ ማን ናት ብለው ጠየቁኝ። እናቴ ናት አልኳቸው። ሳምራዊት መነጽሯን አወለቀች።

«ልጄ ነው» አለች እናቴ። «እኔ በሌለሁበት አጥሬን ገፍቶ አራት እርምጃ የሰው መሬት ቤቴ አስገብቶብኛል። ከመጣሁ ጀምሮ እዚያች ላይ አመድ እንኳ አልደፋሁም። ይውጣልኝ።»

«ምን ትላለህ?» አሉኝ ዳኛው።

«አልወሰድኩም፤ አስተካከልኩት እንጂ» አልኩ። «ለፎቶ ነው።»

«ፎቶ ስንት እርምጃ ይፈልጋል?» አለ ጋሽ ሽፋ፤ ሰዉ እንደገና ሳቀ። ያን ጊዜ እልህ ያዘኝና አራት እርምጃ አይሞላም ብዬ ካድኩ። በቂጫ ደግሞ ክርክር ያለበትን ወሰን በእርምጃ የሚለካው በግራና በቀኝ ካሉት አጥሮች ባለቤቶች ጋር የማይዛመድ ሰው ነው። ዳኛ ዘርጋ ሰዉን ቃኙት። አንዱ የእናቴ የአክስት ልጅ፣ ሌላው የጋሽ ሽፋ አማች፣ ያኛው የክርስትና ልጅ። እዚያ ከቆመው ሰው ሁሉ ከእኛ ወይም ከጋሽ ሽፋ ጋር ዝምድና የሌለው አልተገኘም። የዳኛው ዓይን ሆላንዶቹ ላይ አረፈ።

«ያ ረጅሙ ሰውዬ ከእናንተ ጋር ይዛመዳል?»

«ኧረ በፍጹም!»

«ይለካ።»

ለፒተር ተረጎምኩለት። ደስታው ለጉድ ነበር፤ ሱሪውን ወደ ላይ ሰብስቦ ተነሣ። በእኛ ደጅ የጀፎሮው ስፋት ሰባ እርምጃ ነው፤ ይህን ሕፃን ያውቀዋል። ፒተር ከጋሽ ሽፋ አጥር ተነሥቶ እግሩን ሰፋ እያደረገ ተራመደ። ሰዉ አብሮት ይቆጥራል። አምሳ ሁለት ላይ የእኛን አጥር ነካ።

ዳኛ ዘርጋ ጺማቸውን ያዙ። «ሀብቴ አራት ወሰደ ተባለ። አሥራ አራቱን ማን ወሰደው?»

የሁሉም ዓይን ጋሽ ሽፋ ላይ ተተከለ። የጋሽ ሽፋ ፊት አመድ መሰለ። «እኔ የአባቴን አጥር ነው የያዝኩት! በሚካኤል!» እያለ ሮጦ አጥሩን አቀፈው። ከዚያ ወዲያ ነገር ተበላሸ። በግራም በቀኝም ያለ ሁሉ እየሮጠ የየራሱን አጥር መለካት ጀመረ። እንግሊዝኛ አስተማሪው ሳይቀር ወደ አባቱ ቤት ሲሮጥ አይቼዋለሁ።

«ተመለሱ!» አሉ ዳኛ ዘርጋ። «ሰውዬው እግሩ ረጅም ነው። ከመሐላቸው አጭር የለም?»

አና የምትባል ጡረታ የወጣች፣ ከትከሻዬ በታች የምትቀር ሴትዮ ነበረች። ተነሣች። እሷ ደግሞ አበባ እንዳትረግጥ እየተጠነቀቀች ስትቆጥር፣ ስትቆጥር፣ ሰማንያ ሦስት ደረሰች።

«ጀፎሮው ወለደ!» አለ ጋሽ ሽፋ፤ አጥሩን ለቆ ጨፈረ። ዳኛ ዘርጋም እዚህ ላይ አልቻሉም። በነጠላቸው ተሸፍነው ሳቁ፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ይታያል።

እናቴ ብቻ አልሳቀችም። «ምን አደከማችሁ?» አለች። «ልጄ ሰነፍ ነው፣ አውቀዋለሁ። የነቀለበትን ጉድጓድ አልደፈነም። የድሮው አጥር የቆመበት እዚያው አለ።»

በውስጤ ወይ እናት አልኩ። አልደፈንኩም ነበር። ግን ከአዲሱ አጥር በስተጀርባ ያለው ሣር ሦስት ሳምንት ሳይጋጥ ጉልበት ደርሷል፤ ጉድጓድ ቀርቶ ጥጃ ቢተኛበት አይታይም። አንዱ ማጭድ ሊያመጣ ሲነሣ ዳኛ ዘርጋ ከለከሉት።

«ማጭድ ለምን? ላሞቹ ጾመው ከርመዋል። ገመዱን በጥሱት፣ እነሱ ይመስክሩ።»

ገመዱ ተበጠሰ፣ ከአዲሱ አጥርም በር የሚያህል ተነቀለ። ላሞቹ ከየጓሮው ሲለቀቁ ማየት ነበረባችሁ። ሳምራዊት እበቱን እያሰበች ወደ ሚኒባሷ ሸሸች። የጋሽ ሽፋ ወይፈን በሦስት ቋንቋ የተጻፈውን ሰሌዳዬን ገፍትሮ አለፈ። ሆላንዶቹ እየሳቁ በላሞቹ መሐል ገቡ፤ አና አንዷን ጊደር አንገቷን ስታክላት ቆየች። ሽማግሌዎቹ ምስክር እንደሚያዳምጡ ሁሉ ዝም ብለው ላሞቹን ይመለከታሉ። አንድ ሰዓት ያህል ሲሞላ ሣሩ ወረደና ጉድጓዶቹ በመስመር ወጡ። ዳኛ ዘርጋ ራሳቸው ተነሥተው ከጉድጓዱ እስከ አጥሬ ተራመዱ፤ አራት።

ራሴን ደፋሁ። «አጥፍቻለሁ» አልኩ። ሆላንዶቹም ይህን ብቻ ሳልተረጉመው ገባቸው መሰለኝ።

«ወይዘሮ ትርፌ» አሉ ዳኛው እናቴን፣ «ልጅሽን ቤትሽ ውስጥ ተቆጥተሽ ልታስነቅዪው ትችዪ ነበር። ለምን ሸንጎ ፊት አቆምሽው?»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «ያቺ ቦታ ወደ ውስጥ የገባችው ለምን እንደሆነ ታውቃለህ?» አለችኝ። «አባትህ ነው ፈቀቅ ያደረጋት። እናቱ የሞተች ጊዜ ልቅሶው ሞልቶ ሰው አጥር ለአጥር ተጣቦ ቆመ። ከዚያ በኋላ፣ ሰው ሊያለቅስልን መጥቶ መቆሚያ አይጣ ብሎ ከራሱ መሬት ቆርሶ ለጀፎሮ ሰጠ። ለሰው ሁሉ የተሰጠ ደግሞ ሰው ሁሉ ፊት ነው የሚመለሰው። እኔስ ስሞት ሰው የት ይቁምልኝ? ፎቶ ውስጥ?»

ይህን ለሆላንዶቹ መተርጎም ነበረብኝ። ጀመርኩት፤ አልጨረስኩትም። እያለቀስኩ ነበር። የቀረውን እንግሊዝኛ አስተማሪው ጨረሰልኝ። አና ዓይኗን ስትጠርግ አየኋት።

ፍርዱ አጭር ነበር። አጥሩን በገዛ እጄ ነቅዬ ሰው ሁሉ እያየ ወደ ጥንቱ ጉድጓድ እንድመልሰው፤ ገመድ የሚባል ነገር ዳግመኛ እንዳይወጠር፤ እንግዳ የሚመጣ ከሆነም ከላሞቹ ጋር እንዲሄድ። መገለል አልተፈረደብኝም፤ ከሳሿ እናቴ ስለሆነች፣ ልጁን የገዛ ቤቱ ከስሶታል፣ ሌላ ቅጣት ለምን ይጨመርበታል አሉ። አጥሩን ስነቅል ፒተር እጅጌውን ሰብስቦ መጣ። ጋሽ ሽፋም መጣ። የሁለት ቀን ሥራዬ ከምሳ በፊት ፈረሰ።

ሳምራዊት ጫማዋን በሣር እየጠረገች ጠጋ አለችኝ። ዓይኗ ቀልቷል። «ሀቢ፣ እኔ ከፎቶ ላይ ጠማማ አልኩት እንጂ ይሄን አላወቅኩም። ይቅርታ» አለች። ወዲያው ግን ነጋዴነቷ ተመለሰባትና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ግን እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ አላየሁም። በሚቀጥለው ጊዜም ይኖራል?»

ዳኛ ዘርጋ ምን አለች ብለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። አሰቡበት። «እኛ በማንኛውም እሁድ አለን» አሉ። «ተከሳሽ ታምጣ።»

አንባቢዎቼ፣ ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት አለፈው። ዛሬ እንግዳ ይመጣልኛል፤ እንጀራዬ ከዚያ ነው። ተከሳሽ ግን አቅርቤ አላውቅም፣ እኔም ሁለተኛ አልቆምም። ያ እሁድ ያሳየኝን ግን ልንገራችሁ። እንግዳ አገሬን እንዲያይልኝ ስጓጓ፣ እኔ ራሴ አገሬን በእንግዳ ዓይን ማየት ጀምሬ ነበር፤ በእንግዳ ዓይን ደግሞ የአባቴ ደግነት የተሰበረ መስመር መሰለኝ። እናንተም እንግዳ ይመጣል ብላችሁ ደጃችሁን ከማስተካከላችሁ በፊት፣ ለምን ጠመመ ብላችሁ እናታችሁን ጠይቁ። ካልጠየቃችሁ ደግሞ ጉድጓዱን ድፈኑ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ቡድን መጥቶ፣ ከሁሉ የሚያምረው ቦታ የቱ ነው አሉኝ። ወደ ደጃችን ወሰድኳቸው። አሥራ አንዱም ያቺ ወደ ውስጥ የገባች ቦታ ላይ ለፎቶ ተደረደሩ። እናቴ ከቤት ወጥታ ቆመች። ደነገጥኩ።

«አዶት፣ ላንሳቸው?»

አንድ በአንድ አየቻቸው፣ በጣቷም ቆጠረቻቸው።

«ተዋቸው፣ ይቁሙ» አለች። «ቦታው መብቃቱን ልይበት።»